ምዕራፍ ስድስት፦ መሥራት ሌላ፣ መግጠም ሌላ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በገሳይ፣ በክምር ድንጋይ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ በኩል ወልድያ የሚደርሰውን አውራ ጎዳና የአገሬው ሰው «የቻይና መንገድ» ይለዋል፤ በቻይና እርዳታ የተሠራ ነውና። ገሳይ በዚህ መንገድ ላይ፣ በጉና ተራራ ግርጌ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ዙሪያዋ የድንችና የገብስ አገር ነው። ድንቹ ግን አስፋልት ዳር አይበቅልም። ከማሳው እስከ አውራ ጎዳናው ያለው መንገድ ክረምት ጭቃ፣ በጋ ድንጋይና አቧራ ነው። ዳገቱም ቁልቁለቱም ረጅም ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራውን መኪና የነደፈው መሐንዲስ ግን ጉናን አላየውም። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣ የጭነት መኪና እዚህ ሲደርስ ሁለተኛ ጊዜ ይሠራል ማለት ይቻላል። ባሌስትራ ይጨመርለታል፣ ፓራውልቱ ይጠነክራል፣ የጭነት ሳጥኑ ጎንና ጎኑ ከፍ ይላል፣ ለተጨማሪ ነዳጅ ታንከርና ለትርፍ ጎማ መስቀያ ይበየድለታል። በመደብር ተዘጋጅቶ የማይገኝ፣ ለዚያ መኪናና ለዚያ መንገድ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ሁሉ የሚወለደው በጋራዥና በቶርኖ ቤት ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሲነሣ አድናቆቱ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ወደ መሥራቱ ነው። ከቁርጥራጭ ብረት ቅርጽ ያለው ነገር ሲወጣ፣ ብየዳው ተሞርዶ ሲለሰልስ፣ ቀለሙ ሲደርቅ፣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። የዚህ ምዕራፍ ክርክር ግን ዕቃን ቅርጽ ማስያዝ የሥራው ቀላሉ ወገን ነው፣ ከባዱ መግጠም ነው የሚል ነው። መግጠም ሲባል ቡሎን አጥብቆ መጨረስ ብቻ አይደለም። አንድ በእጅ የተሠራ ዕቃ ገጠመ የሚባለው ከሦስት ነገር ጋር ሲስማማ ነው፦ አጠገቡ ካለው ዕቃ ጋር፣ መኪናው ከሚሄድበት መንገድ ጋር፣ ነገ ከሚፈታው ሰው እጅ ጋር። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር ለመኪናው ሸክም ይሆናል። ለዚህ ክርክር ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ትልቁ ማስረጃ ያለው እዚያው ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ ነው።

ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብላ የምትገኝ ኮረብታማ ቦታ ናት። ዓፄ ቴዎድሮስ በባዝል ከተማ አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ ክሪሾና ተቋም የሠለጠኑ፣ ወንጌልን ከእጅ ሙያ ጋር አጣምረው የመጡ ሚስዮናውያንን ያሰፈሩት እዚህ ነበር። ቴዎፍሎስ ዋልድማየርና ካርል ሳልሙለር ከእነርሱ ውስጥ ናቸው፤ በፖላንድ የተወለደው ሞሪትዝ ሆልም አብሯቸው ሠርቷል። እነዚህ ሰዎች ለመድፍ ሥራ አልመጡም፤ ብዙዎቹም መድፍ ማቅለጥና ማፍሰስ አያውቁም ነበር። ንጉሡ ግን ከውጭ የሚለመን መሣሪያ መቼም እንደማያስተማምን ገብቷቸው ስለ ነበር እዚሁ ይሠራ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ አልተሳካም። ደጋግመው ሞክረው ግን ተሳካላቸው። በ1859 ዓ.ም. ከሁሉ ትልቁ ተፈሰሰ፤ በክሬሚያ ጦርነት በተከበበችው የጥቁር ባሕር ወደብ ስምም ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን፣ በእኛ አነጋገር 70 ኩንታል፣ ይጠጋል። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ፣ በዚያ መሣሪያ ይህን ያህል ነሐስ አቅልጦ አንድ ወጥ አድርጎ ማፍሰስ የሚያኮራ ሥራ ነው። የእኛ ታሪክም የሚተርከው ይህን ክፍል ነው።

ነገር ግን 70 ኩንታል ነሐስ ጋፋት ላይ ተቀምጦ ገና መሣሪያ አልሆነም፤ መሣሪያ የሚሆነው ከሚፈለግበት ሲደርስ ነው። አገሩ ደግሞ የሰረገላ ልማድ አልነበረውም። ሸክም የሚጓዘው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነበር። ስለዚህ መድፉን የሠሩ እጆች ሠረገላውንም መሥራት ነበረባቸው፤ ሠረገላው ደግሞ መንገድ ፈለገ። በ1860 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። ጉዞው በጨጨሆ ዳገት ወደ ዋድላ፣ ከዋድላ ወርዶ የጅዳን ገደል ተሻግሮ ወደ ደላንታ፣ ከደላንታ እንደ ገና ወርዶ በሽሎን አቋርጦ ወደ መቅደላ ነበር። አለቱ ተፈለጠ፣ የገደሉ አፋፍ ተቆረጠ፣ ጠመዝማዛ መንገድ ተቀየሰ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ አነሡ። መድፉንም በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በጠፍር እየጎተተ አወጣው። ባለ በቅሎ በቀናት የሚያልፈው አገር ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

እዚህ ላይ ሁለት እውነቶችን አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። አንደኛው፣ መንገዱ ድንቅ ሥራ ነበር። ንጉሡን ሊወጋ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የጂኦግራፊ ሊቅ ክሌመንትስ ማርክሃም አድንቆ ጽፎለታል፤ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ይኸው ሠራዊትም ጅዳንና በሽሎን ሲሻገር ንጉሡ በጠረጉት መንገድ ተጠቅሟል። ሁለተኛው፣ ሴባስቶፖል የተለፋበትን አላደረገም። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ሜዳ የተደረገውን ውጊያ አልለወጠም፤ ንጉሡም በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ችግሩ መድፉ ሲታሰብ መንገዱ አብሮ አለመታሰቡ ነበር። 70 ኩንታል በአራት ጎማ ቢካፈል እንኳ ለእያንዳንዱ 1,750 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ያውም አየር በሌለው ደረቅ ጎማ፣ በጠባብ ጠርዝ ላይ። እንዲህ ያለ ጎማ በራሰ አፈር ላይ እንደ ማረሻ ይሰምጣል እንጂ አይንከባለልም። ዕቃው ለመንገዱ ስላልተለካ መንገዱ ለዕቃው ተለክቶ መቆረጥ ግድ ሆነ። የስድስት ወሩ ድካም የዚህ ዋጋ ነው። ይህን መናገር የንጉሡን ሐሳብ ማሳነስ አይሆንም፤ እዚሁ ይሠራ ማለታቸው ትክክል ነበር። የጎደለው የልኩ መነሻ ነው።

ዛሬ በአገራችን የታወቀው መካከለኛ አይሱዙ ከነጭነቱ ሲመዘን ከሴባስቶፖል ክብደት ብዙም አይርቅም። ያንኑ ያህል ሸክም ግን በስድስት ጎማ፣ በአየርና በባሌስትራ ላይ አስቀምጦ ጨጨሆን በሰዓታት ያልፋል። በዚህ መኪና ላይ የእኛ ባለሙያዎች ያደረጉት ነገር የጋፋት ታሪክ ተገልብጦ የሚነበብበት ነው። የአይሱዙ ሻንሲ ለጭነት ታስቦ የተሠራ ነው፤ የአገራችን ሠራተኞች ግን በላዩ ላይ ላሜራ ቀጥቅጠው፣ ቱቦላሬ በይደው፣ ወንበር አስረው የገጠር አውቶቡስ አደረጉት። ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» አለው። ከፍ ያለ ነው፣ ጠንካራ ባሌስትራ አለው፣ ጣሪያው ላይ ጭነት ይሸከማል፤ የከተማ አውቶቡስ ሆዱ በሚጋጭበት መንገድ ይሄዳል። መኪናውን ለመንገዱ መለካት ማለት ይህ ነው። ስሙም አንድ ነገር ይነግረናል። ቅጥቅጥ ከቀጥቃጭ ጋር አንድ ሥር አለው። ቀጥቃጭ ደግሞ በዚህ አገር ለዘመናት ማረሻችንን እየሠራ በስድብ የተከፈለው ባለሙያ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን መሳደብ እንዲቀር አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ሕዝብ በየቀኑ የሚሳፈርበትን መኪና በዚያ ግሥ መጥራቱ፣ ሳይታወቅ የተፈጸመ ካሳ አድርጌ አየዋለሁ።

መኪናን ለመንገድ መለካት የሚጀምረው መንገዱ መኪናውን ምን እንደሚያደርገው በማወቅ ነው። የጭነት መኪና ሻንሲ እንደ ተጋደመ መሰላል ነው፤ ሁለት ረጅም ብረቶች በመሐላቸው በተሻገሩ ብረቶች ተያይዘዋል። የፊት ግራ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ የኋላ ቀኝ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ መሰላሉ ይጠመዘዛል። ይህ ጉድለት አይደለም። ጎማዎቹ ሁሉ መሬት እንዲይዙ ሻንሲው በመጠኑ እንዲታጠፍ ታስቦ የተሠራ ነው። ችግር የሚመጣው በላዩ የሚቀመጠው አካል ድርቅ ብሎ ሲበየድ ነው። ሻንሲው ልጠምዘዝ ሲል አካሉ አልጠመዘዝም ይላል፤ ትግሉም የሚያበቃው በአንዱ መሰንጠቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከሾፌሩ ጋቢና ጀርባ፣ አካሉ በሚጀምርበት ማዕዘን ነው። የተማረ እጅ ይህን ስለሚያውቅ በአካሉና በሻንሲው መካከል ጠንካራ ጣውላ ወይም ጎማ ያነጥፋል፤ ወደ ኋላ በኩል አጥብቆ ያስራል፣ ወደ ፊት በኩል ግን እንቅስቃሴ የሚፈቅድ ማሰሪያ ይተዋል።

ቀዳዳ የሚበሳበት ቦታም እንዲሁ ነው። እርጥብ አርጩሜ አጉብጣችሁ ተመልከቱ፤ በላይ በኩል ቅርፊቱ ይወጠራል፣ በታች በኩል ይጨማደዳል፣ መሐሉ ግን ምንም አይሆንም። ሻንሲም ሸክም ሲጫነው እንዲሁ ነው፤ ጭንቁ የሚሰበሰበው በላይኛውና በታችኛው ከንፈሩ ላይ ሲሆን ከቁመቱ መሐል ላይ ቀላል ነው። ስለዚህ ማንኛውም መስቀያ የሚበሳው በቁመቱ መሐል አካባቢ ነው። ከንፈሩን የበሳ ወይም ከንፈሩን አቋርጦ የበየደ ሰው ለስንጥቅ መነሻ ቆርጦ ሰጥቷል። የተሰነጠቀ ሻንሲ በላሜራ ሲደገፍም ላሜራው ጫፍና ጫፉ ሰያፍ ሆኖ ቢቆረጥ ጭንቁ ቀስ ብሎ ይሸጋገራል፤ ቀጥ ብሎ ቢቆረጥ ግን አዲሱ ስንጥቅ የሚወለደው ልክ ላሜራው ባለቀበት መስመር ነው። ዕቃው ከጎረቤቱ ጋር ይስማማ ስንል እንዲህ ያለውን ማለታችን ነው። ጥንካሬ በአንድ ቦታ ብቻ ሲከማች ድካምን ወደ ጎረቤቱ ይገፋል።

ይህ በአንድ ትንሽ ዕቃ ላይ እንዴት እንደሚታይ ቀረብ ብለን እንመልከት። ለተጨማሪ ነዳጅ ታንከር የሚሆን መስቀያ ይሠራ እንበል። ሻንሲው ላይ ፋብሪካው የበሳቸው፣ ምንም ያልታሰረባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጥሩ ሠራተኛ ሜትር ከማውጣቱ በፊት ካርቶን ይቀዳል። ካርቶኑን ሻንሲው ላይ ለጥፎ ቅባት በነካው አውራ ጣቱ ቀዳዳዎቹ ላይ ሲጫን የቀዳዳው ክብ ካርቶኑ ላይ ይታተማል። ሜትር ሊሳሳት የሚችለውን ይህ ማኅተም አይሳሳትም። ካርቶኑ ተቆርጦ በቦታው ይሞከራል፤ የፍሬን ቧንቧ ይነካል? ባሌስትራው ሲታጠፍ ይደርስበታል? ቁልፍ የሚዞርበት ቦታ አለ? ላሜራው የሚቆረጠው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። 12 ሚሊ ቡሎን የሚገባበት ቀዳዳ 13 ሚሊ ይበሳል፤ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር ስንፍና አይደለችም፣ ዕቃው በቦታው እንዲረጋጋ የተተወች ፈቃድ ናት። ከዚያ ሁለቱ ላሜራዎች በነጥብ ብቻ ይያያዙና በቦታቸው ይሞከራሉ። በነጥብ የሚጀመረው ብረት በሙቀት ስለሚንቀሳቀስ ነው። 1 ሜትር ብረት በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ የቀለጠው ብየዳ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰበሰባል፣ ላሜራውንም ወደ ራሱ ይጎትታል። በአንድ ወገን ብቻ ተጎትቶ የተበየደ መስቀያ ጠረጴዛ ላይ ልክ የነበረው ሻንሲው ላይ አልገባ ይላል። ያኔ ነው ትዕግሥት ያጣ ሰው በመዶሻ የሚያስገባው። በመዶሻ የገባ ዕቃ ደግሞ ገና መንገድ ሳይጀምር ተጨንቋል። አሥር ጊዜ ለክቶ አንድ ጊዜ መቁረጥ የሚባለው ለዚህ ነው።

ባሌስትራ ደግሞ ከመንገዱ ጋር መስማማት ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ያሳያል። መኪናው ድንች ሲጫን ኋላው ይተኛል፤ ባለቤቱም ሁለት የባሌስትራ ቅጠል ጨምሩልኝ ይላል። ሲጨመር መኪናው ቀጥ ይላል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ጉዳዩ ግን አላለቀም። ኋላው ስለተነሣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክሰል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ አቅጣጫው ይለወጣል፤ የዘንጉ መታጠፊያ የሆነው ክሮቼራ ከለመደው በላይ ስለሚታጠፍ ቶሎ ያልቃል። ባሌስትራው ስለደረቀ ባዶውን ሲመለስ ጎማው በድንጋይ ላይ ይዘላል፤ የዘለለ ጎማ መሬት አይነካምና ፍሬን አይዝም። ቀድሞ ባሌስትራው ይውጠው የነበረው ምት ደግሞ ወደ መስቀያውና ወደ ሻንሲው ይተላለፋል። ሸክም አይጠፋም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ስለዚህ ቅጠል የሚጨምር ሠራተኛ ቅጠል ብቻ ጨምሬ ልሸኝ ማለት አይችልም። የዘንጉን ማዕዘን፣ ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር አቅፈው የሚያስሩትን ቡሎኖች ርዝመት፣ የፍሬኑን ቱቦ መወጠር አብሮ ማየት አለበት። ቡሎኖቹም ጭነት ተጭኖ ጥቂት ከተሄደ በኋላ እንደ ገና መጥበቅ አለባቸው፤ አዲስ የተደራረበ ቅጠል ሲሠራ ይረጋጋል፣ ሲረጋጋም ማሰሪያው ይላላል። የተሰበረ ቅጠል መበየድማ ፈጽሞ አይገባም። የባሌስትራ ብረት መልሶ የሚነጥረው በእሳትና በማቀዝቀዝ ልዩ ጠባይ ስለተሰጠው ነው፤ ብየዳው ያን ጠባይ በተነካበት ቦታ ያጠፋዋል፣ አጠገቡንም እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ያደርገዋል።

ከፍታም የመንገዱ አካል ነው፤ አይታይም እንጂ። ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከሦስት አራተኛ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ሩቡን ያህል ያጣል። ውኃም የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 ገደማ ነው፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና። የሞተር ውኃ ደግሞ በደኅና ቀን እንኳ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ይሠራል። በመካከሉ የቀረችውን ጠባብ ልዩነት የሚያሰፋት የራዲያተር ክዳን ናት። ክዳኗ ውስጥ ትንሽ ሞላ አለች። ያቺ ሞላ እንፋሎቱን አፍና በ0.9 ባር ከያዘችው ውኃው ደብረ ታቦር ላይ ከ110 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ክዳን ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር ግን ይህን ሁሉ ጸጋ አጥቷል፤ ጭነት ይዞ ጨጨሆን ሲወጣ መፍላቱ አይቀርም። ያኔ ጥፋቱ በሞተሩ ላይ ይለጠፍና ትልቅ ራዲያተር ይበየዳል፣ ሁለተኛ ማራገቢያ ይታሰራል። መድኃኒቱ ግን በእጅ መዳፍ ውስጥ የምትገባ ልኳን የጠበቀች ክዳን ነበረች። የሚሠራው ዕቃ ምን እንደሆነ የሚታወቀው ጉድለቱ በትክክል ከተለየ በኋላ ነው፤ መንገዱን ያላነበበ ሰው የማያስፈልገውን ዕቃ በጥሩ እጅ ሊሠራ ይችላል።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሡ ሦስት ብርቱ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ ፋብሪካው ያውቃል፤ የፋብሪካ ዕቃ ተገዝቶ ይገጠም፣ ሌላው መነካካት ይቅር የሚል ነው። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ወደ ማስተካከያው በኋላ እመለሳለሁ። ግን ፋብሪካው ራሱ የጭነት መኪናን ሻንሲና ጋቢና ብቻ አድርጎ የሚሸጠው ቀሪውን ሌላ ሰው እንደሚሠራው አውቆ ነው። ለዚያ ሰው የሚሆን መመሪያም ያወጣል፤ የት እንደሚበሳ፣ የት እንደማይበየድ፣ አካሉ እንዴት እንደሚታሰር በዝርዝር አለበት። ስለዚህ የአገር ቤቱ ሠራተኛ በሰው ቤት የገባ ጣልቃ ገብ አይደለም፤ የተተወለትን ድርሻ የሚጨርስ ተባባሪ ነው። ጥያቄው ይንካ አይንካ መሆኑ ቀርቶ፣ የተተወለትን መመሪያ አውቆ ይነካል ወይ የሚለው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ ሕይወትን ይመለከታልና። በእጅ የተሠራ ዕቃ ተሰብሮ ሰው ቢሞትስ? ለዚህ መልሱ ማስተባበል ሳይሆን መለየት ነው። ከመኪና ዕቃዎች መካከል ሲሰበሩ መኪናውን የሚያቆሙ አሉ፤ ሲሰበሩ መኪናውን የማይቆም የሚያደርጉ አሉ። የታንከር መስቀያ፣ የፓራውልት ድጋፍ፣ የዕቃ ሳጥን፣ የትርፍ ጎማ መያዣ በመጀመሪያው ወገን ናቸው፤ በጥንቃቄ ይሠሩ። የመሪ ዘንጎች፣ የፍሬን ዕቃዎች፣ የጎማ ቡሎኖችና የፊት አክሰል ግን በሁለተኛው ወገን ናቸው። እነዚህን መበየድ፣ ማርዘምና በግምት መቅዳት ከክምር ድንጋይ ቁልቁለት ላይ በሰው ነፍስ መወራረድ ነው። ፋብሪካ ያውቃል የሚለው ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ እውነት የሚሆነው በዚህ ወገን ነው። ቅጥቅጥንም በዚሁ ሚዛን መመዘን ይገባል። አካሉ ሲገለበጥ ተሳፋሪውን የሚያድን ምሰሶ አለው ወይ? ወንበሩ የታሰረው በላሜራው ላይ ነው ወይስ በአጥንቱ? ጣሪያው ላይ የሚጫነው ከፍታውን አይቶ ተወስኗል ወይ? ለሕዝብ ማመላለሻ የሚሠራ እጅ እነዚህን ጥያቄዎች ካልመለሰ ከመንገዱ ጋር ገጥሟል፣ ከሰው ጋር ግን አልገጠመም።

ሦስተኛው ተቃውሞ፣ መንገዱ ይሠራ እንጂ መኪናው ለምን ይቀጠቀጣል የሚል ነው። እውነት ነው፣ መንገድ ይሠራ። የቻይና መንገድ ራሱ የደቡብ ጎንደርን ደጋ ከወልድያና ከባሕር ዳር ጋር አገናኝቶ ኑሮን ለውጧል። ነገር ግን አውራ ጎዳና የትም አገር ቢሆን ከሁሉም ማሳ ደጃፍ አይደርስም፤ የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሁልጊዜ የአፈር ናቸው። ድንች ደግሞ አስፋልቱ እስኪመጣ ማሳ ላይ አይቆይም፣ ይበሰብሳል። ንጉሡ በስድስት ወር የጠረጉት መንገድ የሚያስተምረንም ይህን ነው፤ መንገድን ለአንድ መኪና ብሎ መቁረጥ የአንድ መንግሥትን ጉልበት ይበላል፣ መኪናን ለመንገድ መለካት ግን አንድ ቶርኖ ቤት የሚችለው ሥራ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን መጠበቅ ግን የለበትም።

የቀረው ሦስተኛው ስምምነት ነው፤ ነገ ከሚፈታው ሰው እጅ ጋር። የአገራችን የጋራዥ ሙያ ትልቁ ድካም ያለው እዚህ ይመስለኛል። እጁ አልጎደለንም። በጣሊያን ወረራ ዘመን በመጡ መኪናዎች ላይ የተማረ ትውልድ ባሌስትራን፣ ካምቢዮን፣ ፍሪሲዮንን፣ ኩሽኔታን ከነስማቸው ወርሶ ለልጅ ልጅ አስተላልፏል፤ ቃላቱ የአማርኛ እስኪመስሉ ድረስ። ያላስተላለፍነው ልኩን ነው። ዕቃው ይሠራል፣ ይገጠማል፣ መኪናው ይሄዳል፤ ካርቶኑ ግን እሳት ማያያዣ ይሆናል። መስቀያው ከሁለት ዓመት በኋላ ነፋስ መውጫ ላይ ቢሰበር እዚያ ያለው ሠራተኛ ከዜሮ ይጀምራል። በቡሎን ፈንታ ሙሉ በሙሉ ተበይዶ ከሆነ ደግሞ ለመፍታት መቁረጥ፣ ከቆረጠ በኋላም ሻንሲውን መጉዳት ግድ ይሆንበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ነገን ሳያስቡ የተገጠመ ዕቃ መንገድ ላይ ይፈታል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ሊፈታ የሚገባው ዕቃ በቡሎን ይታሰር፤ ቡሎኑም በየትኛውም የገጠር ሱቅ የሚገኝ ልክ ይሁን። የተቀዳው ካርቶን አይጣል። ላዩ ላይ የመኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዓመት፣ የላሜራው ውፍረት፣ የቀዳዳው ስፋት፣ የቡሎኑ ርዝመት በእርሳስ ይጻፍበትና ግድግዳው ላይ በምስማር ይሰቀል። አሥር ዓመት እንዲህ ያደረገ ጋራዥ ከመጽሐፍ የማይገኝ፣ የዚያን መንገድ ጠባይ የሚናገር መዝገብ ይኖረዋል። ተለማማጁም የሚማረው ከጌታው እጅ ብቻ መሆኑ ይቀራል፤ ጌታው በሌለበትም ከግድግዳው ላይ ያነብባል። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ተቀምጧል፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል፤ ሁለቱንም በክብር እናያቸዋለን። እንዴት እንደ ተፈሰሰ፣ ሠረገላው በምን ልክ እንደ ተሠራ፣ ጎማው የት የት እንደ ሰመጠ ግን ከጋፋት ሠራተኞች ወደ ቀጣዩ ባለሙያ በሥዕልና በቁጥር ተላልፎ ቢሆን ኖሮ፣ ያ የስድስት ወር ድካም ለአንድ መድፍ ብቻ የተከፈለ ባልሆነ ነበር። ገሳይ ላይ አራት ቡሎን ሲፈታ የሚወርድ፣ ካርቶኑ ምስማር ላይ የሚጠብቀው መስቀያ ማንም በአደባባይ አያቆመውም። ቢሰበር ግን በማግስቱ ይሠራል፤ ድንቹም ገበያ ይደርሳል።